ቀለም ይሸነግላል፣ ቀዳዳ ይመሰክራል

የድሮ ባለቀለም ብርጭቆ ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ መጀመሪያ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። ድፍን ሰማያዊ ዶቃ ሲያይ «የጥንት ነው» ይላል፤ የደም ቀለም ያለው ሲያጋጥመው «የቬኒስ ነው» ይላል፤ ብጫና አረንጓዴ ጥለት የተጣለበት ከሆነማ ሳይከራከር ይገዛል። ነገር ግን ከብርጭቆ ባሕርያት ሁሉ ለመቅዳት የሚቀለው ቀለም ነው። ጥቂት ኮባልት የገባበት ብርጭቆ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ ቢቀልጥም፣ ባለፈው ዓመት ሕንድ ውስጥ ቢቀልጥም ያው ሰማያዊ ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ነገር ይህ ነው፤ የአንድ ባለቀለም ብርጭቆ ዕድሜ የሚታወቀው ከተሠራበት መንገድ፣ ማለትም ከቀዳዳው፣ ከስፌቱና ከአረፋው ነው። የት እንደዋለና ለማን ምን እንደነበረ የሚታወቀው ደግሞ አብሮት ከተሰካው፣ አብሮት ከተቀመጠው ነው። በቀለም እየለየ የሚሰበስብ ሰው ሁለቱንም ያጣል። ለዚህ ክርክር ከኢሉባቦር የተሻለ አገር አላገኘሁም።

ኢሉባቦር ብርጭቆ አይሠራም፤ ለብርጭቆ ግን ሁለት በር ነበረው። የመጀመሪያው የሰሜኑ በር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅበርቲ ሲራራ ነጋዴዎች ከምፅዋ ተነሥተው በጎጃም ባሶ ገበያ በኩል ዓባይን ተሻግረው እናርያ ውስጥ ሰቃ ድረስ ይወርዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ወደ ምዕራብ ያልፋል። ሁለተኛው በር ጋምቤላ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም አፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ። ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ ጋምቤላ ይደርስ ነበር። ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው ካደረጓት ከጎሬ ደግሞ ቡና የጫነ በቅሎ በቡሬ ቁልቁለት ይወርዳል። የግሪክ፣ የሶርያና የአርመን ነጋዴዎች በሁለቱ መካከል ሱቅ ከፈቱ። ሽቅብ ከሚመጣው ጭነት ጨውና ጨርቅ ትልቁን ቦታ ይይዝ ነበር፤ ዶቃ፣ ጠርሙስና ብርጭቆ በጎን በጎኑ ይገባል። ዛሬ በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮና በበደሌ ሙዳይና ሣጥን ውስጥ ያለ አብዛኛው የድሮ ዶቃ ከነዚህ ከሁለቱ በሮች በአንዱ የገባ ነው፤ የትኛው በየትኛው እንደገባ መለየት ደግሞ ከሰብሳቢው ሥራ ሁሉ የሚጣፍጠው ነው።

ከቀዳዳው እንጀምር። አብዛኛው የንግድ ዶቃ ከሦስት መንገዶች በአንዱ የተሠራ ነው። አንደኛው መሳብ ነው። የቀለጠ ብርጭቆ እብጠት በመካከሉ አየር ታምቆበት በሁለት የብረት ዘንግ ይያዛል፤ ሁለት ሠራተኞች በረጅም አዳራሽ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ብርጭቆው ከቅል እንደሚወርድ ማር ይሳባል፤ አየሩም አብሮ ይሳብና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳ ይሆናል። ያ ቀጭን ቧንቧ ይከተከታል፤ ቁርጥራጩ በእሳት ላይ እየተገላበጠ ጠርዙ ይለዝባል። እንዲህ የተሠራ ዶቃ ውስጡ ያሉ አረፋዎችና ሥሮች በቀዳዳው አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸው። ሁለተኛው መጠምጠም ነው። የለሰለሰ ብርጭቆ በሽቦ ላይ፣ እንዝርት ላይ እንደሚጠቀለል ፈትል እየዞረ ይጠመጠማል፤ ሽቦው ሲወጣ ቀዳዳው ይቀራል። የዚህኛው ሥሮች ቀዳዳውን ይዞሩታል፤ አረፋውም ክብ ነው። ሦስተኛው መጨመቅ ነው፤ ቦሄሚያ ውስጥ በያብሎኔትስ ከተማና በዙሪያዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ይህ ነው። የሞቀ ብርጭቆ ቅርጽ ባለው መቆንጠጫ ይጨመቃል፤ ጎኑ ላይ እንደ ስፌት ያለ ቀጭን መስመር ይቀራል። ከነዚህ ሌላ ብርጭቆ መስሎ ብርጭቆ ያልሆነም አለ። እ.ኤ.አ. በ1840 ሪቻርድ ፕሮሰር የተባለ እንግሊዛዊ ለልብስ ቁልፍ ብሎ ያወጣው የዱቄት መጨመቂያ ዘዴ በኋላ ለዶቃ ዋለ። ወገቡ ላይ ጎበጥ ያለ መቀነት፣ አንድ ጫፉ ለስላሳ፣ ሌላው ሻካራ ከሆነ ዶቃው ከ1840 አይቀድምም። ይህን ሁሉ ለማየት ወርቅ ሠሪ የሚጠቀምበት አጉሊ መነጽርና የመስኮት ብርሃን ይበቃል።

አሠራሩ ከታወቀ በኋላ ግን ቀለምም ተመልሶ ይጠቅማል፤ ያን ጊዜ ቀለም የሚነበበው እንደ ኬሚስትሪ ነው። ቀይን ብቻ እንውሰድ። በቬኒስ ንግድ ቀደም ብሎ የሚገኘው ቀይ ዶቃ የሸክላ ጡብ የመሰለ ደብዛዛ ቀይ ነው፤ በቀዳዳው ጫፍ ሲታይ ልቡ አረንጓዴ ነው። ቀለሙን የሰጠው መዳብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ወዲህ ደግሞ በወርቅ የተቀላ ጥርት ያለ ቀይ ብርጭቆ በነጭ ወይም በብጫ ልብ ላይ ተለብሶ መጣ። ነጩ ልብ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም፤ ውድ የሆነውን ቀይ ስስ አድርጎ አልብሶ፣ ከሥሩ ብርሃን እየመለሰ ደማቅ እንዲመስል የሚያደርግ የቁጠባ ብልሃት ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ደግሞ ሴሌኒየም ወርቁን እየተካው ሄደ። እንግዲህ ከግራኝ ዘመን ጀምሮ ሲወራረስ መጣ የተባለ ቀይ ዶቃ በጫፉ ሲታይ ልቡ ነጭ ከሆነ፣ ዶቃው ከተባለለት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ያንሳል። ባለቤቱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ውርሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው አሮጌ ዶቃ በአዲስ ተተክቶ ስሙ ብቻ ወርዶ ይሆናል። ይህ መተካት ራሱ ታሪክ ነው፤ የሚታየው ግን ዶቃውን በጫፉ ላየ ሰው ብቻ ነው።

ብርሌም በዚሁ መንገድ ይነበባል። ያዮ የቡና ጫካ ብቻ አይደለም፤ ማር አገር ነው፤ ማር ካለ ጠጅ፣ ኦሮሞው ዳዲ የሚለው፣ አለ፤ ጠጅ ካለ ብርሌ አለ። ቃሉ ራሱ ዕድሜ አለው፤ በግዕዝ የከበረ ድንጋይ ስም ነው፣ ከግሪኩ ቤሪሎስ ጋርም አንድ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ሰንበሌጥ የሆነውን ይህን ዕቃ ስንመረምር የምንጀምረው ከሥሩ ነው። በእፍታ የተሠራ ከሆነ ብርጭቆው ከዘንግ ላይ ሲላቀቅ የቀረ ጠባሳ ሥሩ ላይ ይገኛል፤ ወይም ጠባሳው የተፋቀበት ቦታ ይታያል። ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። በቅርጽ ውስጥ ተነፍቶ አፉ በእጅ ከተሠራ ደግሞ የጎኑ ስፌት ወደ ላይ ወጥቶ ከአፉ በታች ይጠፋል። ስፌቱ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ከዘለቀ የማሽን ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ለዓለም ያዳረሰው የኦወንስ ማሽን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ነጭ የነበረ ብርጭቆ ለብዙ ዓመት ፀሐይ መትቶት ሐምራዊ ከመሰለ፣ ከአሸዋው ብረት የሚመጣውን አረንጓዴነት ለማጥፋት የተጨመረ ማንጋኒዝ አለበት ማለት ነው፤ ይህም ልማድ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወዲህ እየቀረ ሄዷል። ሐሰተኛ ብር ለመለየት የሚያገለግለው ሐምራዊ መብራት ሲበራበት እንደ ሎሚ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ የሚፈካ ብጫ ወይም አረንጓዴ ብርጭቆ ደግሞ ዩራኒየም የገባበት ነው፤ የቦሄሚያው ዮሴፍ ሪድል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያስፋፋው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ተረት ይነሣል፤ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ»። ጠጅ ለሚቀዳ ሰው ተረቱ ልክ ነው። ለሰብሳቢ ግን የነቃው ብርሌ ከደህናው ይልቅ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። የብርጭቆ እውነተኛ ቀለም የሚታየው በስብራቱ ጠርዝ ነው፤ ከፊት ነጭ የመሰለው በጠርዙ አረንጓዴ፣ ብጫ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ይገኛል። የግድግዳው ውፍረት፣ የአረፋው ብዛት፣ ቀለሙ የተለበሰ ይሁን እስከ ውስጥ የዘለቀ፣ ሁሉም በስብራቱ ላይ ይነበባል። ሰብሳቢዎች ደህናውን ገዝተው የተሰነጠቀውን ሲተዉ የሚተዉት የመማሪያውን መጽሐፍ ነው።

እስካሁን ያለው ዕድሜንና መነሻን ይነግራል። ይህ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ሥራችን ቀላል ነበር። የቬኒስና የቦሄሚያ ፋብሪካዎች፣ የለንደን ነጋዴዎችም፣ ዶቃዎቻቸውን በቁጥር እየሰፉ የናሙና ካርድ ያዘጋጁ ነበር፤ ከነዚህ ካርዶች በአውሮፓ ሙዚየሞች የተቀመጡ አሉ። አንድን ዶቃ ከካርድ ጋር አመሳስሎ ቁጥሩን ማግኘት ይቻላል። ካርዱ ግን የዶቃውን ልደት እንጂ ኑሮውን አያውቅም። ኑሮውን የሚያውቀው ክሩ ነው። ሁለት ዶቃዎች ለብዙ ዓመት ጎን ለጎን ሲሰኩ ጫፋቸው እየተፋጨ አንዱ በሌላው ላይ ይቀረጻል፤ አንደኛው ጎድጎድ ሲል ሌላኛው ይገጥመዋል። የቀዳዳው ጠርዝም ክሩ በሚጎትተው በኩል ይለሰልሳል። ይህን መበላት ማንም ባለሱቅ በአንድ ቀን አያመጣውም፤ አሲድና አሸዋ ሁሉን ወገን እኩል ያደበዝዛሉ እንጂ ጫፍን ከጫፍ አያገጥሙም። ስለዚህ የኑሮው አስተማማኝ ማስረጃ በአንድ ዶቃ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ የሚገኘው በጎረቤታሞች መካከል ነው። ክሩ ተበጥሶ ዶቃው በየቀለሙ በየሣህኑ በተከፋፈለ ቅጽበት ያ ማስረጃ ይጠፋል። ተመልሶም አይገኝም።

ይህ የእኔ ረቂቅ ሐሳብ እንዳይመስል፣ በቀድሞው የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረውን የጋምቤላን ምሳሌ ላንሣ። አኙዋዎች ድሙይ የሚሉት ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ አላቸው፤ ጥሎሽ የሚከፈለው በእርሱ ነበር። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ አኙዋ ባሳተመው ሥራ እንደገለጸው አዲስ ድሙይ አይገባም፤ ያለው ብቻ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ በእኅት ጋብቻ የገባው በወንድም ጋብቻ ይወጣል። እስቲ ይህን ከሰብሳቢ ዓይን እንየው። ሰማያዊ ዶቃ በጋምቤላ ገበያ አልጠፋም ነበር፤ መርከቡ በየክረምቱ የሚመጣበት ወደብ እኮ ነበር። ሆኖም አዲሱ ሰማያዊ ድሙይ አልሆነም። እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚቆመው ሰው ድሙይን ከሌላው ሰማያዊ መለየት ከቻለ ብቻ ነው፤ መለየት ባይቻል በአንድ ጭነት ዶቃ ጥሎሹ ሁሉ በረከሰ ነበር። የናሙና ካርድ ሳይኖር፣ አጉሊ መነጽር ሳይኖር፣ አንድ ማኅበረሰብ ቀለም የማያታልለው የዶቃ ዕውቀት ነበረው ማለት ነው። ያዮና መቱ አካባቢ ደግሞ ተመሳሳዩ ዕውቀት ያለው እናቶች ዘንድ ነው። ጨሌ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ከኦሮሞ ሴቶች የአቴቴ ሥርዓት ጋር የተያያዘው ጨሌ ደግሞ ተራ ጌጥ አይደለም፤ የትኛው ዶቃ የት መሰካት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አለው። ፋብሪካው ቁጥር ሰጠው፤ ባለጨሌዋ ቦታ ሰጠችው። ሁለቱን ያላገናኘ መለያ ግማሽ መለያ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ይህ ሁሉ የባዕድ ፋብሪካ ርካሽ ሸቀጥ ነው፣ ቡናችንን ወስደው ብርጭቆ ሰጡን፣ ይህን ቅርስ ማለት ኪሳራን ማክበር ነው የሚል። የልውውጡ ሚዛን የተዛባ ነበር በሚለው እስማማለሁ። የዶቃው ንድፍ ግን የሠሪው ብቻ ነበር በሚለው አልስማማም። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1860 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ በንግድ ላይ ያሉት የዶቃ ዓይነቶች ወደ 400 እንደሚደርሱ ጽፏል። ሠሪ ለራሱ ቢተው አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ ሠርቶ በተገላገለ ነበር። አራት መቶ ዓይነት ያስፈለገው ገዢው ስለሚመርጥ ነው፤ በአንድ አገር የሚፈለገው በሚቀጥለው አገር ስለሚናቅ፣ ያልተወደደ ዓይነት ይዞ የገባ ነጋዴም ጭነቱ ድንጋይ ሆኖ ስለሚቀርበት ነው። በአውሮፓ ሠሪው ከነጋዴ የሚደርሰውን የገዢ ምርጫ ተከትሎ መጠኑንና ጥለቱን ይለውጥ ነበር። በሙዳይ ውስጥ ያለው ጥለት እንግዲህ በእምቢታና በእሺታ የተቀረጸ ነው፤ ገንዘቡ የቡና፣ ምርጫው የሴቶቹ ነው። የውጭ ብርጭቆ ወደዚህ አገር መግባቱም በጋምቤላ አልተጀመረም፤ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክኛ የተጻፈው መመሪያ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፈው ሸቀጥ መካከል የብርጭቆ ጌጦችን ይጠቅሳል። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የተመረጠ፣ የተሰየመና የተወረሰ ነገር የማን ነው ብሎ መጠየቅ የሚገባን ከየት መጣ ብለን ብቻ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከእውነት ይነሣል። ክር ዘላለማዊ አይደለም። ጥጥ ይበሰብሳል፣ ጅማት ይደርቃል፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው በየጊዜው በጥሰው ይሰካሉ፣ ለልጆች ያካፍላሉ፣ የጠፋውን በላስቲክ ዶቃ ይሞላሉ። ታዲያ እነርሱ ያላከበሩትን ቅደም ተከተል ሰብሳቢ ለምን ይቅደሰው? መልሴ ባለቤቷ ስትሰካና ደላላ ሲለይ የሚሆነው ነገር አንድ አይደለም የሚል ነው። እርሷ ስትሰካ ከምታውቀው ተነሥታ ነው፤ ላስቲኩን እንኳ የምታስገባው በጎደለው ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ አሰካክ የአሮጌውን ጥላ ይይዛል። ከሁለት ሴት ልጆች መካከል ለየትኛዋ ምን እንደደረሰ ራሱ ወሬ ነው። ደላላው ሲለይ ግን ቀዩን ከቀዩ፣ ትልቁን ከትልቁ ጋር የሚያደርገው ገዢ እንዲያምርለት ብቻ ነው፤ የመቱውን ከጎሬው፣ የአንዱን ቤት ከሌላው ቤት ይቀላቅላል። በመጀመሪያው የተለወጠ መረጃ አለ፤ በሁለተኛው ምንም የለም። እናም ላስቲኩን ዶቃ አውጥቶ የሚጥል «ንጹሕ» ሰብሳቢ ከደላላው ብዙም አይሻልም፤ የተሞላውን ቀዳዳ መልሶ ይከፍተዋል።

ጨሌን በሚመለከት የእምነት ጥያቄም አለ። ከባዕድ አምልኮ ጋር ተያያዥ ነው ብለው ከቤታቸው የሚያወጡት አማኞች አሉ፤ ይህ የሕሊናቸው ጉዳይ ነው፣ አቁሙ የሚል ቃል የለኝም። የምለው ከቤት ማውጣትና ማጥፋት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ዕቃዎችን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል አደራጅቶ ያሳያል፤ አንድ ዶቃ በሕይወት የትኛው ደጃፍ ላይ እንደቆመ ካልታወቀ እንዲህ ባለ አዳራሽ ቦታ አያገኝም። ለውጭ ገዢ መሸጥን በሚመለከት ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው፤ በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። ዶቃ በኪስ ስለሚገባ ብቻ ከዚህ ውጭ አይሆንም።

ስለዚህ በያዮ ወይም በመቱ አንድ ክር ጨሌ የሚቀርብለት ሰው ሊያደርገው የሚገባው ነገር ቢኖር ሳይበጥስ መመዝገብ ነው። ከቋጠሮው ጀምሮ በአንድ አቅጣጫ እየቆጠሩ እያንዳንዱን ዶቃ በተራው መጻፍ፤ ተስቦ፣ ተጠምጥሞ ወይስ ተጨምቆ፤ ልቡ ምን ዓይነት፤ ጫፉ ከጎረቤቱ ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም። ከዚያ ባለቤቷ የምትለውን ስም፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ እንዳለችው መጻፍ፤ ስም የሌለውንም ስም የለውም ብሎ መጻፍ። በመጨረሻ ክሩን ማየት። የእጅ ፈትል ነው፣ የፋብሪካ ድር ነው፣ ጅማት ነው ወይስ ናይለን? ናይለን ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ በናይለን የተሰካ ክር ዶቃዎቹ የቱንም ያህል ቢያረጁ የመጨረሻው እጅ የነካው ከዚያ ወዲህ ነው። በመቶ ዓመታት የሚራራቁ ዶቃዎች በአንድ የዓሣ ማጥመጃ ክር ላይ ተሰክተው ሲገኙ፣ አረንጓዴ ልብ ያለው ቀይ ነጭ ልብ ካለው ቀጥሎ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የላስቲክ ብጫ፣ ከዚያ መቀነት ያለው የፕሮሰር ዶቃ ሲሆን፣ የሰሜኑ በርና የጋምቤላው በር በአንድ ቋጠሮ ላይ ተገናኝተዋል።